ሁሉን በየወገኑ የለዩት የወይዘሮ ብርሃነሽ ደበሌ የሕይወት ታሪክ

ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ጧት፣ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በተተከለው የሐዘን ድንኳን ይህ ታሪክ ሲጻፍ፣ የሟች ልጅ ሊያ አሸናፊ፣ የቆሻሻ አንሺዎች ማኅበር ሰብሳቢ አቶ ሽበሺና የዕድሩ ሴቶች ተገኝተው ነበር። የሟች ታላቅ እኅት ወይዘሮ ዕፀገነት ደበሌ አልተገኙም።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ከአባታቸው ከአቶ ደበሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በ1963 ዓ.ም. በይርጋለም ተወለዱ። ትምህርታቸው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እናታቸው በታመሙ ጊዜ ከሁለቱ ልጆች አንዷ ቤት መዋል ስለነበረባት፣ ታላቋ እንዲማሩ ታናሿ ቀሩ። ወይዘሮ ዕፀገነት ተምረው የቢሮ ሠራተኛ ሆኑ፤ ሀዋሳ ባህል አዳራሽ በሚባለው ሰፈርም ሰፊ ግቢ ሠሩ።

ወይዘሮ ብርሃነሽ በ1985 ዓ.ም. አቶ አሸናፊን አግብተው ሀዋሳ ገቡ፤ ሊያንም ወለዱ። በ1999 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲያርፉ ጆንያ ተሸክመው ከየደጁ ቆሻሻ ማንሣት ጀመሩ። የሰፈር ልጆች “ቆሻሻ መጣች!” እያሉ ሲከተሏቸው፣ “ቆሻሻውማ እናንተ ቤት ነው ያለው፤ እኔ ልወስደው ነው የመጣሁት” ይሏቸው ነበር።

ማኅበሩ ሲቋቋም በየቤቱ ሦስት ጆንያ እንዲቀመጥ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ማለትም ለልጣጭ፣ ለምግብ ትራፊና ለቅጠል፤ ሌላው ተመልሶ ለሚያገለግለው፣ ለሃይላንድ፣ ለካርቶንና ለቆርቆሮ፤ ሦስተኛው ለአደገኛው፣ ለባትሪ፣ ለምላጭ፣ ለስባሪ ጠርሙስና ለመርፌ ነበር። የአደገኛው አፍ በቀይ ጨርቅ ይታሰራል። የሚበሰብሰውን ከከተማው ዳር ላሉት ለቡሹሎ ገበሬዎች ማዳበሪያ እንዲሆን በባዶ እጃቸው ይበትኑት ነበር። አቶ ሽበሺ “ኧረ ጓንት ያድርጉ” ሲሏቸው፣ “ለይተው ሰጥተውኝ? ሰውን እንደዚህ አልጠረጥርም” ይሉ ነበር።

የእኅታቸውም ግቢ የእሳቸው ድርሻ ነበር። አንድ ቀን እንግዶች “ማን ናት?” ብለው ቢጠይቁ ወይዘሮ ዕፀገነት “ቆሻሻ አንሺዋ ናት” አሉ። እሳቸውም “አዎ እትዬ፤ የሚበሰብሰው የትኛው ነው?” ብለው ጆንያቸውን ተሸክመው ወጡ። እኅት መሆናቸውን በዚያ ግቢ አንድም ቀን ሲነገር ሳይሰሙ ኖሩ።

ባለፈው ታኅሣሥ ለወይዘሮ ዕፀገነት ልጅ ለሃሴት ሽማግሌ ተላከ። በቤቱ የስኳር መድኃኒት የሚወጋ ሰው መኖሩን ሽማግሌዎቹ እንዳያውቁ፣ መርፌው በቀይ ጨርቅ መታሰሩ ቀርቶ በድንች ልጣጭ መሀል ይደበቅ ጀመር። ጥር 6 ቀን አንዱ መርፌ የወይዘሮ ብርሃነሽን መዳፍ ወጋ። እጃቸው አበጠ፤ መርዙም ደማቸው ውስጥ ገባ። ሐኪሙ የማን መርፌ እንደሆነ ቆሻሻ ወደሚያነሡባቸው ቤቶች እየደወለ ሲያጣራ ወይዘሮ ዕፀገነት በስልክ “ከእኛ ቤት አይደለም” አሉ። ወይዘሮ ብርሃነሽ ልጣጩን አይተው የማን ቤት እንደሆነ የሚለዩ ሲሆኑ “እንጃ” አሉ። እውነቱን የነገሯት ለሊያ ብቻ ነው፤ “ልጅቷ ትዳር ትያዝ፣ ዝም በይ” ብለዋታል።

ሆስፒታል ሳሉ በር በተከፈተ ቁጥር “እትዬ ናት?” እያሉ ይጠይቁ ነበር። ቅዳሜ፣ በሃሴት ሠርግ ዋዜማ፣ ከእኅታቸው መልእክት መጣ፤ “የመጣው ቢመጣ ሠርጉ ሳያልቅ መርዶ እንዳይነገር፤ የእኔም ስም እንዳይነሣ” የሚል ነበር። ወይዘሮ ብርሃነሽ እሑድ ጥር 17 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አረፉ። በዚያ ሰዓት ሙሽሮቹ ወደ አዳራሽ እየገቡ ነበር።

ይህ ሲጻፍ ከዕድሩ ሴቶች አንዷ “የእኅቷ ስም ይቅር፤ ሰው ያዝናል” ብለው ነበር። ሊያ ግን “እናቴ ነገር ሲቀላቀል አትወድም፤ ሁሉም በየስሙ ይጻፍ” አለች። ስለዚህ ወይዘሮ ብርሃነሽ ደበሌ አንዲት ልጅ፣ ሊያ አሸናፊን፣ እና አንዲት እኅት፣ ወይዘሮ ዕፀገነት ደበሌን፣ ትተው አልፈዋል።

በዚህ ዓለም ሁሉን በየወገኑ የለዩትን፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ለይቶ ከንጹሐን ወገን ያኑርልን።

ዛሬ ጧት የማኅበሩ ሰዎች ከሠርጉ ግቢ ቆሻሻ አነሡ። አልተለየም ነበር፤ ከምግብ ትራፊው ውስጥ መርፌ ወጥቷል።