ከሱቄ ጀርባ የተከፈተው መተላለፊያ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ሙላቱ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? የዐይንዎ ፋሻ ተፈታ ወይ? ማየቱስ እንዴት ሆነልዎ? ሐኪሙ ማንበብ ከከለከለዎ ልጅዎ ወንድሜነህ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ እየዘለለ እንዳያነብ ግን ይቆጣጠሩት። እማዬስ ወገቧን ተሻላት? እኔም፣ ባለቤቴ ዓባይነህም፣ ልጃችን ሮዳስም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ «ስብሰባ ላይ ነኝ» እያልኩ ስዘጋብዎት የከረምኩበትን ጉዳይ ዛሬ ከሥር ከመሠረቱ ልንገርዎት።

የልብስ ስፌት ሱቄ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ፣ በትንንሽ ሱቆች ተርታ ውስጥ ነው። ከጀርባችን ረጅም ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው ወዲያ አፓርትመንቶች። እዚያ የሚኖር ሰው በእኛ በኩል ወዳለው የአውቶቡስ ፌርማታ ለመምጣት ብሎኩን በሙሉ ዞሮ፣ የእግረኛ መንገድ በሌለበት የጭነት መኪና መውጫ ማለፍ ነበረበት። ደንበኛዬ ወይዘሮ ሳቢራ ከዚያ ማዶ ነው የሚኖሩት። ጥር ላይ ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ አንድ መኪና ወደ ኋላ መጣባቸው፤ ሲሸሹ በረዶው አዳልጧቸው ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ። ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «ልጄ፣ የስፌት መኪናሽ ድምፅ እኮ በመስኮቴ ይሰማኛል፤ አንቺ ጋ ለመድረስ ግን ይኸው ክንዴን ሰበርኩ» አሉኝ። ያን ቀን ቆረጥኩ።

ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የመሀል ከተማውን መንገዶች ለማገናኘት ፕላን አውጥቶ ነበር። ግድግዳው ይፈርስና መተላለፊያ ይከፈታል፤ ግን የእኛም ሱቆች አብረው ፈርሰው አንድ ትልቅ የመስታወት ሕንፃ ይቆማል። ዓባይነህ «ዝም በይ፤ ግድግዳው ከቆመ እኛም እንቆማለን» አለኝ። አልፈረድኩበትም፣ እንጀራችን ነው። እኔ ግን መንገዱም ይከፈት፣ ሱቆቹም ይቁሙ ብዬ ተነሳሁ። ከጸጉር ሠሪዋ ከኤፍራታ ጋር በር ለበር እየዞርን ይህንኑ የሚጠይቅ ማመልከቻ ሰው አስፈረምን።

ካውንቲው ስለ ፕላኑ በጠራው የሕዝብ ስብሰባ ላይ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። እኔ በአማርኛ ስናገር፣ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልስልኝ ሮዳስ ቃል በቃል ተረጎመችልኝ። እርስዎ ደሴ ላይ የሰፈሩ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በአቋራጭ እንዲያልፉ የግቢያችንን አጥር ወደ ውስጥ እንዳስገቡት፣ እማዬም ስለተነቀለው ጌሾዋ ስንት ቀን እንዳኮረፈችዎት ነገርኳቸው። «ቤታችን ግን አልፈረሰም፤ ሰውም አለፈ» አልኩ። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ፣ ለመተላለፊያው የሱቄን የጀርባ ክፍል እለቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። መተኮሻዬም ጨርቆቼም ያሉት እዚያ ነው። ዞር ስል፣ አልመጣም ያለኝ ዓባይነህ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በሩ አጠገብ ቆሟል። እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀልኝ። «እለቃለሁ» አልኩ።

የሱቆቻችን ሕንፃ ባለቤት ብዙ ካንገራገረ በኋላ ተስማማ፤ ሰኔ ላይም ተወሰነልን። ሱቆቹ ይቆያሉ፣ መተላለፊያው በእኔ የጀርባ ክፍልና በጎኔ ባለው ባዶ ሱቅ በኩል ያልፋል። ሥራው አልቆ ያለፈው ሐሙስ ተከፈተ። ሱቄ ጠባለች፤ ስተኩስ ክርኔ ግድግዳ ይመታል። ግን በመተላለፊያው በኩል አዲስ በርና መስኮት ወጥቶላታል። ወይዘሮ ሳቢራ ትናንት እንዳሳጥርላቸው ቀሚስ ይዘው መጡ፤ ከመቀመጣቸው በፊት በዚያ በር ሁለት ጊዜ ወጥተው ገቡ።

ገና አላለቀም፣ አባዬ። መተላለፊያው መብራት የለውም፤ ካውንቲው «በጀት ሲገኝ» ይላል። እኔ ለኅዳሩ ስብሰባ ተመዝግቤአለሁ። በዚህኛው ሮዳስ ቁጭ ብላ ትሰማለች፤ በእንግሊዝኛ የምናገረው እኔ ራሴ ነኝ። እየሰፋሁ በቃሌ እያጠናሁት ነው፤ ስሳሳት ኤፍራታ ታርመኛለች።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ወንድሜነህን ስላነበበልዎ አመሰግነዋለሁ ይበሉልኝ። ለባለቤቱ ለብሩክታይት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ትንሿን ልጃቸውን ዕድላዊትን እቅፍ ያድርጉልኝ። ዓባይነህና ሮዳስ እጅ ይነሳሉ።

ልጅዎ የዓለምዘርፍ ሙላቱ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.