ኩርፊያ የመሰለን ነገር

«ሰውየው እኮ ሚስቱን አኩርፏታል» ስትል ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ለደንበኛዋ፣ በመስኮት ሰማሁና አመንኳት።

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፤ ደግ ሰው አይጥፋሽ። እኛ ደህና ነን፤ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ እንኳ ተሠርቷል።

አባትሽ፣ ያ አውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ ሳይዝ መንገደኛ ሲጠራ የኖረ ሰው፣ ከክረምቱ ወዲህ ሹክሹክታ ጀመረ። ፊቱም ፈገግታ ነጠፈበት። እኔ «በምን አስቀየምኩት?» እያልኩ ስብሰለሰል፣ እሱ ለካ «ጆሮዋ ደከመ» ብሎ አዝኖልኝ ኖሯል! እጄን ይዞ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሟ ብትመረምር ጆሮዬ ላይ አንድ እንከን አጣች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «አባባ፣ እስቲ ጮክ ብለው ይናገሩ» አለችው።

«እየጮህኩ ነው እኮ!» አለ። ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት።

ወደ ነርቭ ሐኪም ላከችን። እንቅስቃሴን የሚያዘገይ በሽታ ነው፤ ፊትንም ድምፅንም ያስራል አሉን። ኩርፊያ አለመሆኑን ስሰማ፣ ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ። አሁን የንግግር ባለሙያዋ ባዘዘችው መሠረት ጠዋት ጠዋት «አአአ!» እያለ ይጮሃል። ልብስ ሰፊዋም «ይባስ ብለው መጣላት ጀመሩ» ትላለች። ትናንት ከሳሎን «ወጡ ጨው በዝቶበታል!» ሲል ማድቤት ድረስ ተሰማኝ። ደስ ስላለኝ፣ ደግሞ እንዲጮህ ብዬ ያልሰማሁ መሰልኩ።

ያሰብሽውን ሁሉ ይሙላልሽ፤ በጤና ያገናኘን። አደራሽን፣ ስትደውዪ ቶሎ አትዝጊበት፤ እስኪጨርስ ታገሺው። ልምምዱ ድምፁን ያቆይለታል እንጂ በሽታውን አያስቆመውም ብለውናል።

እናትሽ