ሌንሱን አትመልሺው

ፌበን ልጄ፣

ሌንሱን ለሻጩ ለኤልቃና እንዳትመልሺበት፤ ልጁ አላታለለሽም።

ባነሣሽው የሰርግ ፎቶ ላይ የሙሽራዋ ጆሮ ጠርቶ ዓይኗ የደበዘዘው በእኔ ጥፋት ነው። አንቺ ስትወጪ የእኔን አሮጌ ሌንስ ካሜራሽ ላይ ገጥሜ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ አነሣ ነበር። ፎከሱ ከዛፉ ወዲህ እየወደቀ ቢያስቸግረኝ፣ ካሜራው ውስጥ ያለውን የፎከስ ማስተካከያ «ለዚህ ሌንስ ብቻ» በማለት ፈንታ «ለሁሉም ሌንሶች» ብዬ ሞላሁት። ያንቺም አብሮ ተዛባ። «ኦሪጅናል ያልሆነ ገዝቼ ተዋረድኩ!» ብለሽ ስታለቅሺ እየሰማሁ ዝም አልሁ።

ካሜራውን እንዳትከለክዪኝ ፈርቼ ነው። ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ «እትዬ ወለቴ፣ ያለ እኔ ደረጃ መውረድ የለም!» ብለሽ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥሽኝ። ስንት አገር የዞርሁ ሴት፣ ሦስት ወር ሙሉ የወጣሁት በመስኮት ብቻ ነው።

አሁን ማስተካከያውን ወደ ዜሮ መልሼዋለሁ። ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፈሽ ሞክሪው፤ ፊደሉ ጥርት ይላል። ለሙሽራዋ እኔው ደውዬ እነግራታለሁ።

ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው።

እንጦጦ ሄጃለሁ። ደረጃውን በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁም ቢሆን እወርዳለሁ፤ ጎረቤት ይሣቅ። ለመውጣቱ ግን ትከሻሽ ያስፈልገኛልና፣ ከተቆጣሽም ተቆጥተሽ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረጃው ሥር ጠብቂኝ።

ወለተማርያም