ጊዜው ያለፈበት ዋስ፦ ለመካኒሳው ኢንተርኔት ቤት ባለቤት

ለተከበሩ አቶ በፍቃዱ ዋቅቶላ
የኢንተርኔት ቤት ባለቤትና የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በጓዳ ያስቀመጡት አዲሱ ኮምፒውተርዎም በሙሉ ጤንነት እንዲሰነብቱ እመኛለሁ። እኛ ከልጄ ከማኑሄ በቀር ደህና ነን።

እንደሚያውቁት ማኑሄ ከተቀበላት የናይሮቢ ነርስ ትምህርት ቤት ጋር የምትጻጻፈው እርስዎ ቤት እየመጣች ነበር። አንድ ቀን መልእክቷን ልትከፍት ስትል ኮምፒውተሩ የገጹ ሰርተፊኬት ጊዜው አልፏል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰርተፊኬት ማለት ገጹ እውነተኛ ለመሆኑ የሚቆም ዋስ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ጠርታ ብታሳይዎ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል፣ እሺ ብለሽ እለፊ አሏት። ታላቅ ሰው እያረጋገጠላት መጠራጠር ነውር መስሏት እሺ ብላ አለፈች። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ገጽ በኩል የምስጢር ቃሏን የሰረቀ ሰው በስሟ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚለምን ደብዳቤ ጻፈ፤ እነሱም እንዲህ ያለች ተማሪ አንፈልግም ብለው ቦታዋን ሰረዙ። አስረድታ ብትጽፍም የሚያምናት አጣች።

ስለሆነም ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ፣ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም አርጅቷል፣ መልእክት የሚቆልፍበት ዘዴም ዛሬ ማንም የሚሰብረው ነው፣ ይቀየር ተብለው ሲመከሩ ከፋሲካ በኋላ በማለትዎ አመሰግናለሁ። የትኛው ፋሲካ ብለን አለመጠየቃችን የእኛ ጥፋት ነው።

2ኛ፣ የራስዎን መልእክት ግን በዚያ አሮጌ ላይ ከፍተው እንደማያውቁ፣ አዲሱን ፕሮግራም ጓዳ ባለው ኮምፒውተር ላይ ጭነው ለብቻዎ እንደሚጠቀሙ ዘግይቼ ሰማሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ፤ ለሌላው ሲቆርሱ ስለሚሆነው ግን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

3ኛ፣ ያንን ቤት ሲከራዩ ዋስ የሆንኩልዎ እኔ ነኝ። ሰነዱን እስከ መጨረሻው አንብቤ ነው የፈረምኩት፤ እርስዎ ቢያጠፉ የምጠየቀው እኔ መሆኔን አውቃለሁና። እርስዎ ግን ልጄን ጊዜው ያለፈበትን ዋስ እመኚ አሏት፣ ያውም አደጋውን እያወቁ። ከባዳ ቢመጣብኝ ይህን ያህል ባልቆጨኝ። ከድተውኛል፣ አቶ በፍቃዱ፤ ለዚህ ሌላ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አራተኛውን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ።

ደጅዎ ሰው እንዲበዛበት፣ የሚመጣውም ሰው ማንበብ እንዲለምድ እየተመኘሁ፣ በማያልቅ አክብሮት የምሰናበትዎ የትናንት ዋስዎ፣

ወይዘሮ አሰገደች መኩሪያ
መካኒሳ፣ ነሐሴ 1991 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ነገሩ በሰፈር እንዲያልቅ ሽማግሌ ልከውብኝ ነበር፤ አክብሬ ተቀብያቸዋለሁ። ይሁንና የተበደለችውን ማኑሄን አንዳቸውም አላናገሯትም። ራስዎ መጥተው ይቅርታ ሊጠይቋት ካሰቡ ቀጠሮ መያዝ አያስፈልግዎትም፤ መስከረም ቢጠባም ልጄ ከቤት አትጠፋም፤ የምትሄድበት የላትም።