እርጥብ የገባው ድርቆሽ

ዴነንሮድ፣ ሐምሌ

ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም በዚያ በሃምቡርግ ንፋስ አንገትህን ገልጠህ ነው የምትዞረው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል በሕይወት አለን፣ ላሞቹም ይታለባሉ ማለቴ ነው። አባባ ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ እነግርሃለሁና አትደንግጥ። ያልደወልኩልህ ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ ነው። እሱ ደግሞ ሰሞኑን ከኮሪደሩ አይጠፋም።

ነገሩ የድርቆሹ ነገር ነው። ትልቁን መስክ አንተ በደወልክበት ሰሞን ሐሙስ ዕለት አጨድነው። ዘንድሮ ሣሩ ወፍራም ነው፤ ወንዙ ዳር ያለው ከሥሩ ገና አረንጓዴ ነበር። ሬዲዮው እስከ ሳምንቱ አጋማሽ ፀሐይ ነው ስላለ፣ እኔም ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይነሣል ብዬ ተረጋግቼ ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አባባ ትራክተሩን አስነሥቶ ዛሬ እናስገባዋለን አለኝ። እርጥብ ነው አልኩት። ይዘንባል አለኝ። ቀና ብዬ ብፈልግ አንዲት ዳመና የለችም። ሬዲዮውን ብጠቅስለት፣ ሬዲዮ ድርቆሽ ሠርቶ ያውቃል ወይ ብሎ አፌን አስያዘኝ። እሑድ መስክ እንደማይወጣ ታውቃለህ፤ ሰማይ ቢደፋም መንሽ አይነካም። ግን ሰኞ የሚባል ቀንም አለ። ጨርሶ አልተዋጠልኝም። ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ የመንደሩን እሳት አደጋ ሲመራ ለኖረ ሰው፣ እርጥብ ድርቆሽ ከውስጥ ግሎ በራሱ ይነዳል እያለ ያስገባውን ሁሉ ጎተራው ድረስ ሄዶ ሲያዋርድ ለነበረ ሰው ምን እላለሁ? እያጉረመረምኩ ጫንኩ።

ሲመሽ ውሃ አሙቆ ጺሙን ተላጨ። የእማማን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ከሣጥን አውጥቶ አሸተተና እንዳናፍሰው ሰጠኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥቁር ኮቱን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የጠዋቱ አውቶቡስ የወተት መረከቢያው ጋ ቆሞ ሄደ። የከሰዓቱም እንዲሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጥብሱ ምድጃ ውስጥ ደረቀ፤ እመጣለሁ ብለህ ስለነበር የዘረጋሁትን ሦስተኛ ሳህን እኔው ወደ ቦታው መለስኩት። ስለዚያ ቀን ከዚህ የበለጠ አልልም።

ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በረት ውስጥ ሆኜ የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ። ጎተራው ላይ ወጥቼ ረጅሙን ብረት ድርቆሹ ውስጥ ሰካሁና ቆይቼ ስስበው እጄ ሊይዘው አልቻለም።  ጎተራው ከተያያዘ ቤቱም እንደማይተርፍ ለአንተ አልነግርህም።

ሮጬ ለአባባ ነገርኩት። መንሹን ይዞ መሰላሉን ወጣና ክምሩን ከላይ መክፈት ጀመረ። የጋለ ድርቆሽ አየር ሲያገኝ ቦግ እንደሚል፣ ከውስጥ እሳቱ የበላው ቦታ ካለም ሰው እንደሚውጥ ለመንደሩ ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው። ውረድ፣ እሳት አደጋ ልጥራ አልኩት።

«ኤክሃርትን ብትጠሪ አባትሽ አይደለሁም» አለኝ።

ከአባባ በኋላ እሳት አደጋውን የተረከበው እሱ መሆኑን ነግሬሃለሁ። አዳራሹ ተይዞ፣ ቬሎው ተሰፍቶ ጉድሩንን ትተሃት ከሄድክ ወዲህ አባቷ ኤክሃርት ደጃችንን ረግጦ አያውቅም፤ አባባም የእሱን አጥር ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ታዲያ አሁን ኤክሃርት ይምጣና የእሱን እርጥብ ድርቆሽ ይይለት? ከታች ሆኜ ለመንኩት፣ ስድብም አልቀረኝም። እዚያው ተቃጥለህ ትቀራለህ ስለው ላሞቹን አውጪ ብቻ አለኝ።

ላሞቹን አወጣሁ። የመጨረሻዋን ስነዳ በጣሪያው ክዳን መሃል ቀጭን ጭስ አየሁ። አባትነቱን ከፈለገ ይውሰደው ብዬ ሮጬ ገባሁና ደወልኩ። ሲረኑ ሲጮኽ መንደሩ በሙሉ ወጣ።

ኤክሃርት መኪናውን አልጠበቀም። በቤት ጫማው የአትክልቱን ቦታ አቋርጦ መጣና መሰላሉ ላይ ወጣ። እኔ ከታች ሆኜ የአባባን ጩኸት ሰማሁ፤ እግሩ እስከ ታፋው ሰምጦ፣ ግራ እጁንም እሳቱ በልቶት ነበር። ኤክሃርት በሱሪው ማንገቻ ይዞ ጎተተው። ሲወርዱ ሁለቱም ፊታቸው ጠቁሮ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም ነበር። ያን ሰዓት አንተን ጠላሁህ፤ አልደብቅህም። ወዲያው ደግሞ አጠገቤ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ።

ሰዎቹ ቱቦ ዘርግተው ድርቆሹን በመንሽ እያወጡ ግቢው ውስጥ ሲያጠጡት ዋሉ። ጎተራው ቆሟል። ወለሉ ከስሏል፣ የድርቆሹም እኩሌታ ፍግ ሆኗል። ሥራው ሲያልቅ ዳቦና ቋሊማ ቆርጬ፣ ቢራ አወጣሁላቸው። ኤክሃርት መጠጫ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ አባባ ጎን ተቀመጠ። አሁን ያዋርደዋል ብዬ ቢላውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አንተ እኮ እርጥቡን በአፍንጫህ ነው የምትለየው» አለው ቀስ ብሎ። «ምን አስቸኮለህ?»

አባባ የተጠቀለለውን እጁን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። «አየሩ አታለለኝ» አለ።

የዚያን ቅዳሜ የኤክሃርት ድርቆሽ ከእኛ መስክ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። ሰኞም ማክሰኞም በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ሲገለብጠው አይቼዋለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስም፣ አባባ ኮቱን ለብሶ ሲጠብቅ በደጃችን አልፏል። ወደ እኔ ዞር ሲል እኔ ወደ ዳቦው አጎነበስኩ።

«አዎ፣ አስቸጋሪ አየር ነበር» አለና ብርጭቆውን ሞላለት።

ከዚያ ወዲህ እየመጣ እጁን ያያል። ብዙ አያወሩም፣ ስለ አንተም አይነሣም፤ ግን ይመጣል።

ይኸውልህ፣ አባባ ለአንተ እንድጽፍልህ ያዘዘኝም ይህንኑ ነው፤ አየሩ አታለለን። ጽፌልሃለሁ። ስትደውል ሌላ ነገር አትጠይቀው፣ ይቅርታም አትበለው፤ ያፍራል። ስለ ወደቡና ስለ መርከቦቹ አጫውተው፣ እሱን ይወዳል።

እግዚአብሔር ሳልህን ያድርቅልህ፣ በምትሠራበት ሁሉ እጅህን ይጠብቅልህ። ሁለተኛውን ሣር ነሐሴ መጨረሻ ላይ እናጭዳለን። መምጣት ካሰብክ ግን፣ በእማማ ይዤሃለሁ፣ ቀኑን ቀድመህ አትንገረው። ዝም ብለህ ና።

ታላቅ እህትህ