የሴትዮዋ መጨረሻ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

እንዴት ሰነበትክ? የደላንታ ብርድ ከእኛው ይብሳል ይሉኛል፤ እንዴት ይዞሃል? ልብስህን ማን ያጥብልሃል? ወገል ጤና ገደል ሥር ኦፓል የሚሉትን የከበረ ድንጋይ ትቆፍራለህ ካሉኝ ወዲህ፣ ያንን ጉድጓድ ባሰብኩ ቁጥር አማትባለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ላሚቱም ጎረቤቱም ደህና ነው። ናፍቆትህ ግን አልሻለኝም።

ስልክ ትቼ ወረቀት የያዝኩት ወድጄ አይደለም። ገና «አባባ» ስል ትዘጋዋለህ። ኔትወርክ ነው እንዳትለኝ፤ ኔትወርክ ስም እየመረጠ አይቋረጥም። ወረቀት ግን ብትወረውረውም መልሰህ እንደምታነሣው አውቃለሁ። የሚያደርስልህ ሙሐዲን ነው፣ እህል ጭኖ ወደ እናንተ የሚመላለሰው ሹፌር። ሻይ ጋብዘው።

የታፈረ ቪዲዮ ቤት ፈረሰ። ሰው ሁሉ ፊልሙን በስልኩ ስለሚያይ፣ ታፈረ ቆርቆሮውን ነቅሎ ሸጠ፤ አግዳሚዎቹን ለዕድሩ ሰጠ። ሲፈርስ ቆሜ አየሁት። ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ፊልሙን በአማርኛ የምትተርክልንን ማይክ የምታንጠለጥልባት ሚስማር እንዳለች ነበረች። እሷን ሳይ አለቀስኩ። ታፈረ ለቆርቆሮው ያለቀስኩ መስሎት «አይዞሽ፣ ዝጎ ነበር» አለኝ።

ያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ልታስፈራራን የምታመጣው ፊልም ሁሉ ትዝ አለኝ። የጀርመኑ፣ ድምፅ የሌለው፣ አያታችን ሳይወለዱ የተሠራው! አጽሙ ከሣጥኑ ሲነሣ እንጮሃለን ብለህ ጠብቀህ ነበር። ይምርሃነ ክርስቶስ ተሳልሞ፣ ከዋሻው ውስጥ ያንን ሁሉ አጽም አይቶ የመጣ ሰው በአንድ አጽም ሊደነግጥልህ? ይልቁንስ ሰዉ «ምነው ሳይገንዙት ቀበሩት?» እያለ አዘነለት። የጃፓኑ ጊዜማ፣ ከማደሪያ ቤቱ ጣሪያ ውሃ ሲንጠባጠብ ልጅቷ ስትሸሽ፣ ጎረቤታችን ውባንተ ከኋላ ተነሥታ «ኧረ ምን ያስሮጣታል? ተቀብላ ትጠጣው እንጂ!» አለች። ከዋሻ ጣሪያ የሚንጠባጠብ ጸበል ለመቅዳት ነአኩቶ ለአብ ድረስ የምትሄድ ሴት ሌላ ምን ትበል? አንተም ሳቅህን ውጠህ «ቁርሷን በልታ ነው» ብለህ በማይክ መለስክላት። እስኪበቃን ሳቅን።

መጨረሻው ሲከፋ ደግሞ ትለውጠው ነበር። ሰው በጨለማ ዳገት ወጥቶ ነው ቤቱ የሚገባው፣ እንዲህ አስፈርቼ አልሰደውም ትለኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰውየው ታንቆ ይሞታል፤ አንተ አንገቱን ወለም ብሎት ነው፣ ወጌሻ ተጠርቷል ትላለህ። እኛም እያየን እናምንህ ነበር።

የሜክሲኮውን ፊልም ሳላነሣ ላልፍ ነበር፤ አልሆነልኝም። ያ ቄስ ርኩስ መንፈስ ያደረባት ሴትዮ ፊት መስቀሉን ይዞ ሲቆም፣ የሚናገረውን ቋንቋ አንተ አታውቀው፤ ጸሎት ነውና እንደ ልማድህ ከራስህ መፍጠርም አልደፈርክ። ሲጨንቅህ አባባ በልጅነትህ ያስጠኑህን ጸሎት ከነዜማው አወጣኸው። ሰዉ አንድ በአንድ ጫማውን አወለቀ። ውባንተ ነጠላዋን አጣፋች። «አሜን» ሲሉ ቆርቆሮው ነዘረ። ማናችንም አልቀለድንም፤ ለዚያች ለማናውቃት ሴትዮ ከልባችን ጸለይን። በመሐል መብራት ጠፋ። ዞር ስንል አባባ በጨረቃው ብርሃን በሩ ላይ ቆመዋል። «ለመቅደስ ያስተማርኩትን ለመጫወቻ ያዋለ ልጅ የለኝም» አሉህ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርክ። እናታችን ስታርፍ እንኳ መቃብሯ ላይ አልቅሰህ፣ ደጃችንን ሳትረግጥ ተመለስክ።

አሁን የአባባን ልንገርህ። ወረቀቱን እንዳታጥፈው፣ በእናታችን አፈር ይዤሃለሁ።

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በጾሙ መጀመሪያ ሰሞን በስልኬ አንድ የኮሪያ አስፈሪ ፊልም ሳይ ጩኸቱ አመለጠኝ። «ማነች እንዲህ የምትጮኽ?» አሉ። ፊልም ነው አልኳቸው፣ ቁጣቸውን እየጠበቅሁ። «በይ ንገሪኛ» አሉ። ነገርኳቸው። «እንዲህ ባንዴ ሞተች? አንቺ አታውቂበትም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ አፋቸው ላይ ጥሬ ጣል እንዳደረጉ፣ አንድ ፊልም እነግራቸዋለሁ። የማውቀው ሲያልቅ ያንተን የድሮዎቹን ጀመርኩ።

የጃፓኑን ስነግራቸው «የለም፣ የለም» ብለው አረሙኝ። «መጀመሪያ ፋኖሱ ጠፋ፤ ከዚያ ነው ውሃው የጀመረ።» ወዲያው ብቻቸውን ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «ቁርሷን በልታ ነው አለ እኮ» አሉ። እኔ እዚያ ላይ ገና አልደረስኩም ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ሲፈርስ ደግሞ ለታፈረ መልእክት ላኩበት። ከኋላው ግድግዳ ሥር፣ ገደሉ በኩል፣ ሰው በማያልፍበት፣ የማይክህ ድምፅ ግን በሚሰማበት፣ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ እሷን ለኔ አምጡልኝ አሉ። ታፈረ ከወንድሙ ጋር ተሸክመው ደጃችን አኖሯት። «አባትሽ መሪጌታ ይህችን ከየት አወቋት?» ብሎ ጠየቀኝ። መሐሏ የወፍጮ መጅ ያለፈባት ይመስል ለስልሷል። አሁን ከሷ ሌላ መቀመጫ አይወዱም።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። አባባ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሊመነኩሱ ነው። ቆቡን ሲጭኑ ግንዘት ይነበብባቸዋል፣ ልክ እንደ ሞተ ሰው፤ ከዚያ ገዳም ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ ያንተም የኔም አባት መሆናቸው ያበቃል። ወንድምዓለም፣ ካየነው ፊልም ሁሉ ይህን ያህል የፈራሁት የለም። ቆሞ በሚሄድ አባቴ ላይ የሙታን ጸሎት ሲነበብ ብቻዬን እንዴት ልቁም? የንስሐ አባታቸው አስቀድመው ከተጣሉት ሰው ይታረቁ ቢሏቸው፣ የተጣላሁት ሰው የለም አሉ። የያዙትን መቁጠሪያ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ትናንት ሌላ ፊልም ልጀምርላቸው ስል አስቆሙኝ። «ያቺ የሜክሲኮዋ ሴትዮ፣ ርኩሱ ለቀቃት?» አሉኝ። መብራት ጠፍቶ ማንም አላየውም አልኳቸው። «ያ ያውቀዋል» አሉ። ከሄድክ ወዲህ ስምህን አልጠሩትም፤ «ያ» ነው የሚሉህ። ቀጥለው «ግንዘቱ ሳይነበብብኝ የሷን መጨረሻ ብሰማ ደግ ነበር» አሉ። ድምፃቸው እናታችን ያረፈች ቀን እንደነበረው ነው።

እኔ ፊልሙን አውርጄ እስከ ጫፉ አይቼዋለሁ። ለእሳቸው ግን አላውቅም አልኳቸው። መጨረሻው እንዲያው የሚነገር አይደለም፤ የሚያውቅበት ሰው ይፈልጋል። ጽፈህ እንዳትልክልኝ፣ አላነብላቸውም። በስልክም አይሆንም። ሙሐዲን በሆሳዕና ሰሞን ባዶውን ይመለሳል፤ ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለው፣ ነግሬዋለሁ።

እመቤታችን ከጉድጓዱ አፍ ትጠብቅህ። ገደሉ ይጽናልህ፤ የያዝከው ይባረክልህ። የእናታችን ጸሎት ከፊትህ ይቅደም።

ይህን ስጽፍ አባባ ደጅ ድንጋያቸው ላይ ናቸው። ጫፏ ላይ ነው የሚቀመጡት። ይወድቃሉ፣ ወደ መሐል ይጠጉ ብላቸው «ተይው፣ ለኔ ይበቃኛል» ይሉኛል።

መንገድ መንገዱን የምታይ፣
እህትህ