የሻምበል ቦታ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ሜስኪት። ጠዋት።

ከበር እስከ ፖስታ ሳጥን፣ ከፖስታ ሳጥን እስከ በር። ዛሬም አልሆነም። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል፤ ሻምበል ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጎረቤታችን ከመኪናው ውስጥ እጁን አነሣልኝ። እኔም እንደ ወጉ ባርኔጣዬን ላነሣ ስል ገመዱ ከእጄ አመለጠ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ሥርዓት እንዳይጓደልብህ በዚህ ሰዓት በቤቱ የሚገኙትን እንደየማዕረጋቸው ላስቀድም፦ ክብርት ባለቤቴ ወ/ሮ ጥሩወርቅ፣ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፤ ክብርት ልጃችን ሰብለ፣ ከአርሊንግተን በስልክ፤ የቀድሞው የከፍተኛ ፍ/ቤት ዳኛ፣ የአሁኑ የአገራችን ሰዎች ማኅበር ሊ/መንበር፣ ማለትም እኔ፤ በመጨረሻም ውሻችን ሻምበል፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የወደቀ፣ አሁን ጫማዬ ላይ የተኛ። ለሁሉም የሚገባው ክብር ይድረስ።

ጉዳዩ ይህ ነው። በፋሲካ ሰሞን ሻምበል ሽኮኮ አይቶ ሮጠ። ጥሩወርቅ ገመዱን በእጇ አንጓ ጠምጥማው ነበር። ወደቀች። የቀኝ ዳሌዋ ተሰበረ፤ በቀዶ ሕክምና ተጠገነ። ሐኪሙ በየቀኑ ከቤት ወጥታ ካልተራመደች እግሯ እንደ ደረቀ ይቀራል ይላል። እሷ ደግሞ ያለ ሻምበል ደጅ አልረግጥም ትላለች። ሰብለ ነርስ ናት፤ ቃሏ ቁርጥ ነው። ውሻው ሰው ሳይጎትት መሄድ ተምሮ የትምህርቱን ፈተና ካላለፈ፣ ታንክስጊቪንግ የሚሉት የኅዳር በዓል ሳይደርስ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል።

የሁለቱንም ወገን ክርክር ሰማሁ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስንት ዘመን በወንበር ላይ ተቀምጬ እንዲህ ያለ መዝገብ ቀርቦልኝ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ከሮውሌት መልስ።

የውሾቹ ትምህርት የሚሰጠው በሮውሌት ሐይቅ ዳር ባለ ሣር ላይ ነው። አስተማሪያችን ወ/ሮ ዶና፤ ረጅም፣ ጸጉሯ ሽበት፣ ንግግሯ አጭር። ሂል የሚባለውን አስረዳችን። የውሻው ትከሻ ከባለቤቱ የግራ ሱሪ ስፌት ጋር ትክክል። አይቀድምም፤ አይዘገይም። ሰውየው ሲቆም ውሻው ሳይታዘዝ ይቀመጣል፤ ቀጥ ብሎ። በቃ። ሕጉ ሁለት መስመር አይሞላም። አፈጻጸሙን ግን ማን ያውቀዋል!

ለትእዛዝ አንድ አጭር ቃል ምረጡ ተባልን። ጥሩወርቅ ትናንት መርጣልኛለች፦ «አብረን»። ዶና ልትደግመው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ውሻው ከገባው ይበቃል አለች።

ከዚያ እንድሄድ ታዘዝኩ። ሄድኩ። እንደ ልማዴ፣ ቀስ ብዬ፣ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ። ገመዱም ከእጄ ጋር ወደ ኋላ ሄደ፤ ሻምበልም ከገመዱ ጋር። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ ራሱን ደፍቶ ይከተለኛል፣ ልክ ፋይል እንደ ተሸከመ ጸሐፊ። እኔ ደስ አለኝ። ዶና ራሷን ነቀነቀች። መቅደምም ጥፋት፣ መከተልም ጥፋት። ታዲያ ምን ቀረ? ግራ ገብቶኝ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት 1፡30።

እጆቼን ከፊት ይዣለሁ። የሌላ ሰው እጆች ይመስላሉ።

በየግቢው የምርጫ ሰሌዳ ተተክሏል። ሻምበል ከአንዱ ወገን ሰሌዳ ሥር እግሩን አነሣ፤ ከዚያ መንገድ ተሻግሮ ከተቃራኒው ሥር አነሣ። በገለልተኝነቱ ነቀፋ የለኝም። በሂል ግን ወድቋል። ለሁለቱም ሰሌዳ እኔን ጎትቶ ነው የሄደው።

ጥሩወርቅ ከመስኮቱ ታየናለች። ስገባ እንዴት ነበር ብላ አልጠየቀችም። የውሻውን ውኃ ሞልታ ጠበቀችን፤ ባለአራት እግር መደገፊያዋን እየገፋች፣ አንድ እጇን ለቅቃ። ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። ተቆጣሁ። ተቆጣኸኝ ብላ ተቆጣች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16።

ዛሬ ዶና አንድ ነገር ተናገረችኝ፤ እስካሁን እያላመጥኩት ነው። ውሻው እርስዎን አይከተልም፤ እርስዎ ነዎት እሱን የሚከተሉት አለች። ሲፈጥን እፈጥናለሁ፤ ሲዘገይ እዘገያለሁ፤ ሣር ሲያሸት ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እንግዲህ ያደግሁበት ሥርዓት ነው! አብሮህ የሚሄደውን ጥለህ አትሄድም።

ሌላም አለ። በየርምጃው የግራ ትከሻዬን ወደ ኋላ መለስ አድርጌ አየዋለሁ። ይህም ሥርዓት ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ሰው ሲያጅብህ ግማሽ ፊትህን ትሰጠዋለህ። ዶና ሳቀች፤ በትሕትና። ለውሻው ያ ትከሻ «ወደ ኋላ ቅር» ማለት ነው አለች። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ያጀበኝን ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ቅር ስል ኖሬአለሁ ማለት ነው? አይመስለኝም። ግን እንጃ።

ምክሯ፦ ፊት ለፊት እይ፤ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ሂድ፤ ሻምበል ቦታውን ራሱ ይፈልግ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17። ከቀትር በኋላ።

ሰይድ መጣ። የወሎ ሰው ነው፤ ከአየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳል፤ የማኅበራችን ምክትል። በፈተናው ላይ አንድ እንግዳ ሰው ቀርቦ ይጨብጥሃል፤ ውሻው ያን ጊዜ ከተቀመጠበት መነሣት የለበትም። እንግዳውን እንዲሆንልኝ ጠርቼው ነው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጀመረኝ።

«ክቡር ዳኛ! ሻምበልን ከሰሱት አሉ! እርስዎ በዚህ ክስ ምንድን ነዎት? ጠበቃ?»

«ዋስ ነኝ» አልኩት።

«ወላሂ ተጎድተዋል! ዋስ ሌላው ያፈሰሰውን ሲከፍል ነው የሚኖረው።»

ከዚያ ሻምበልን አስቀመጥኩት፤ ሰይድ ቀረበ፤ ሰላምታ ጀመርን። ጤና? ቤት? ልጆች? ሥራው? እርስዎስ? ወይዘሮ? ዳሌያቸው? ልጆች ላይ ስንደርስ ሻምበል ተነሣ። «ዳሌያቸው?» የሚለው ላይ ስንደርስ ተኛ። ትከሻ ለትከሻ ስንገናኝ በመካከላችን ገብቶ እሱም ትከሻውን ሰጠ። ሰይድ ዘሎ ሸሸ፤ ሶላት አለብኝ፣ ሱሪዬን እንዳይነካብኝ እያለ።

እንደ ፈረንጅ ጨብጠኝና ዝም በል አልኩት። ሞከረ። ጨበጠኝ፤ ዝም አለ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ነውር ነው፣ ጋሼ! የሚያየን ሰው ተጣልተዋል ይላል። ነገ ሽማግሌ ይላክብናል!»

ጥሩወርቅ በመስኮቱ ስትስቅ ሰማሁ። ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ልምምዱን ግን አልቻልነውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ምሽት፣ ከእራት በፊት።

የሃሎዊን ቀን። በየበሩ የተጠረበ ዱባ፣ ጎረቤታችን ግቢ ደግሞ በላስቲክ የተሠራ የሰው አጽም፣ በወንበር ላይ ተቀምጦ። ሻምበል አየው። ወደ ኋላዬ ሄዶ በእግሮቼ መካከል አጮለቀ። ሕፃናት ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ሊለምኑ መጡ፤ አንዷ ሻምበልን ልትስመው ጎንበስ አለች፤ እሱ እየዞረ ገመዱን በጉልበቴ ላይ ጠቀለለው። ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ጥሩወርቅ አየችኝ። ሰብለ ስትደውል ግን አልነገረቻትም።

ምናልባት ልጃችን ልክ ናት። ምናልባት እያደረግሁት ያለሁት ነገር አደገኛ ነው። አንድ ሌላ አጥንት በዚህ ቤት ቢሰበር ማን ይጠየቃል? ዋሱ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23። ሮውሌት።

ሆነ!

እንዴት እንደሆነ በትክክል አላውቅም። ጠዋት ሐይቁ ላይ ጉም አለ፤ ሻምበል ትንሽ በርዶታል። ከሣሩ ማዶ ያለውን የውኃ ማማ አየሁ፤ ዓይኔን እዚያ ተከልኩ። በሥራ ዘመኔ ቸኩዬ አላውቅም፤ ዳኛ ካልገባ ችሎት አይጀመርም። ዛሬ ግን እንደ ባለጉዳይ ሄድኩ። ስሙ ተጠርቶ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ እንዳለ ባለጉዳይ። «አብረን» አልኩ፤ አንድ ጊዜ። ትከሻዬን አልመለስኩም። አላየሁትም። ገመዱ ግን ልል ነው፤ እንደ ፈገግታ ጎበጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። በግራ ጉልበቴ አጠገብ ትንፋሹ ይሰማኛል። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፤ አለ። ወደ ኋላ ዞርኩ፤ አለ። ቆምኩ። ተቀመጠ፤ ቀጥ ብሎ፣ ስፌቱ ላይ።

ዶና ኮፍያዋን አነሣችልኝ። ክብር ነው የቆጠርኩት።

ፈተናው በመጪው ቅዳሜ ነው። የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ጥቂት ቃላት ለመናገር አስቤ ማዘጋጀት ጀምሬአለሁ፤ የተከበሩ ወ/ሮ ዶና፣ የተከበራችሁ የውሾቹ ባለቤቶች እያለ ይሄዳል። ጥሩወርቅ አነበበችው። ረዝሟል አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26።

የአካል እንቅስቃሴ ሐኪሟ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ባለአራት እግሩን መደገፊያ ወሰደ፤ ከዘራ ሰጣት። የተጎዳው በቀኝ ስለሆነ ከዘራው በግራ እጅ ነው የሚያዘው፤ ክብደቱ እንዲካፈል። ጥሩወርቅ ሁለት ጊዜ ሳሎኑን ዞረች። አማረባት። እኔ አጨበጨብኩ።

ሐኪሙ ሲሄድ ገመዱን ስጠኝ አለች። ሰጠኋት። ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ ከዘራ በግራ፣ ገመድ በቀኝ። «አብረን» አለች።

ሻምበል እንዳስተማርኩት ፈጸመ። እንከን የለውም። ዞሮ በግራዋ ገባ፣ ትከሻው ከቀሚሷ ስፌት ጋር ትክክል። ከዘራውን መታው። ከዘራው ተንሸራተተ። ጥሩወርቅ ግድግዳው ላይ ወደቀች፤ መሬት አልነካችም፣ ደረስኩላት። ሻምበል በግራዋ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ በተቀመጠ ቁጥር ከኪሴ የምሰጠውን ቁራሽ ሥጋ ይጠብቃል።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይህን ጉዳይ ስንት ሳምንት መረመርኩት! ምስክር ሰማሁ፣ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ገመዱን የምትይዘው እሷ መሆኗን አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው የጀመርኩት። ታዲያ ውሻውን ያስተማርኩት በማን እግር ልክ ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27።

ለዶና ደወልኩ። የፈተናው ደንብ ግራ ነው፤ ሌላ የለም አለች። ለባለቤትዎ ግን የሚመቻት ጎን ትክክለኛው ጎን ነው አለች። አሁን በቀኝ ብንጀምር ለቅዳሜ ይደናገራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። በእርግጥ ይደናገራል።

እንግዲህ፦ በግራ ከቀጠልኩ ፈተናውን ያልፋል፤ በቤታችን ይቀራል፤ ጥሩወርቅን ግን ይጥላታል። ወደ ቀኝ ካዞርኩት ይወድቃል፤ በሰብለም ብይን ይሄዳል። ከየት ጀምሬ እንደማስብ አላውቅም። መሐረቤን ፈልጌ አጣሁ። ኪሴ ውስጥ የሻምበል ሥጋ ነው ያለው።

ቀትር ላይ ከኮሪደሩ ድምፅ ሰማሁ። ጥሩወርቅ ናት፤ ሳትነግረኝ። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ የቀኝ ጭኗን ትመታለች። «አብረን፣ የኔ ጌታ። አይደለም፣ በዚህ በኩል። አብረን።» ሻምበል ወደ ግራ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እኔን አየ። እኔም እሱን አየሁ። ሁለታችንም አልገባንም። በመጨረሻ በቀኟ መጣና ተቀመጠ፤ ጠማማ ሆኖ፣ ቂጡ ወደ ወጥ ቤቱ።

ፈተናውስ አልኳት።

«አንተ ለፈተና አስተማርከው። እኔ ፈተና አልሄድም፤ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ነው የምሄደው።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 29። ከሰዓት በኋላ 10፡00።

ለሰብለ ደወልኩ። ከፈተናው መውጣቴን ነገርኳት።

«አባዬ፣ ማለቴ፣ ዲላችን፣ ስምምነታችን እኮ እሱ ነበር። ፈተናውን ካንሰል ካደረግህ፣ ሶ ምን አይቼ ልመን?»

እናትሽን አይተሽ አልኳት። ነገ ጠዋት መጥታ በዓይኗ እንድታይ ጠየቅሁ፤ ከበር እስከ ፖስታ ሳጥን። ከዚያ የምትለውን እቀበላለሁ፤ ይግባኝ አልልም። ኦኬ አለች። ድምፅዋ ለስለስ ያለ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሁለት ቀን ሙሉ በኮሪደሩ ተለማመዱ። ቂጡ አሁንም ጠማማ ነው። ገመዱ ግን ልል ነው። ጥሩወርቅ ባለጉዳይም ዳኛም አትመስልም፤ ዝም ብላ ትሄዳለች፤ እሱም ይሄዳል። እንዴት እንደምታደርገው ጠየቅኋት። አታውቀውም።

ያዘጋጀሁት ንግግር ስለማይቀርብ ምስጋናውን እዚሁ ላኑረው። ወ/ሮ ዶናን፣ ትከሻዬን ስላረሙልኝ፤ አቶ ሰይድን፣ ባለቤቴን ስላሳቁልኝ፤ ልጄን ሰብለን፣ ስለ ጽኑነቷ፣ በታላቅ አክብሮት አመሰግናለሁ። በነገው ዕለት በሐይቁ ዳር ለሚፈተኑት ውሾችና ባለቤቶቻቸው ሁሉ የተቃና ርምጃና መልካም ውጤት ይሁንላቸው።

ውሳኔ። የነገው አሰላለፍ እንደሚከተለው ይሆናል፦ ወ/ሮ ጥሩወርቅ ከፊት፣ ከዘራ በግራ፣ ሻምበል በቀኝ። ሰብለ በረንዳው ላይ። እኔ ከኋላ፣ ሁለት ርምጃ ራቅ ብዬ፣ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ። ለዚህ ቦታ ሥልጠና አያስፈልገኝም። ብትወድቅ ግን እጆቼ በጊዜ ይፈቱ ይሆን የሚለውን…

ጥሩወርቅ ትጠራኛለች። ጫማዋን አድርጋለች። ነገን ማን ይጠብቃል ትላለች። በሩ ተከፍቷል፤ ሻምበል ከእግሬ ላይ ተነሥቶ ወደ እሷ ዞረ፣ በቀኟ…